በተላላፊ በሽታዎች ስፔሻሊስት ሥልጠና ውስጥ የአረጋውያን ሕክምና እንዴት ይግባ? ሐሳብ ስጡን

ካሪኩለም_ክለሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የተላላፊ በሽታዎች ሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ካሪኩለም እየከለስን ነው፣ እኔም ከኮሚቴው አንዱ ነኝ። አንድ ጉዳይ ላይ ተፋጥጠናል፤ እስቲ እዚህ ያላችሁ እርዱን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንሰልት (ሌላ ሐኪም የእኛን ምክር ሲፈልግ) ተጠርተን የምናያቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የስኳር ሕመምተኛ እግር፣ ሰው ሠራሽ ዳሌና ጉልበት፣ የልብ ቫልቭ፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ የሚመጣ ተቅማጥ። ካሪኩለማችንን ብትከፍቱት ግን ኤችአይቪ የራሱ ምዕራፍ አለው፣ የአካል ንቅለ ተከላ አለው፣ የተጓዦች ሕክምና እንኳ አለው። አረጋውያን "ልዩ ትኩረት የሚሹ ክፍሎች" በሚል ርዕስ ሥር ከነፍሰ ጡሮች ጋር አንድ መስመር ላይ ተዳብለዋል። በቃ። አብዛኛው ታካሚ "ልዩ" ከሆነ ተራው ማነው?

ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ አንድ ወር የአረጋውያን ሕክምና ክፍል ውስጥ ሮቴሽን ይግባ ይላል። ግማሹ ደግሞ ጊዜው ሞልቷል፣ ሁለት ሦስት ሌክቸር ይበቃል ይላል። እኔ በሁለቱም አልረካሁም። ሌክቸር ሲያልፍ ይረሳል፣ ሮቴሽን ለመጨመር ደግሞ ከሌላው መቀነስ ግድ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ "ምን ይማሩ" ብቻ አይደለም። ፌሎው (የሰብ ስፔሻሊቲ ሠልጣኙ) ተመርቆ ሲወጣ አንድን አዛውንት ታካሚ አይቶ ምን ማድረግ መቻል አለበት? መቻሉንስ በምን እናውቃለን?

ዴሊሪየም_አዳኝ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የአረጋውያን ሐኪም ነኝ፣ ስለዚህ ወገንተኛ መሆኔን አስቀድሜ ልናገር 😄

ሌክቸሩን ተዉት። "የዕድሜ መግፋትና የበሽታ መከላከል አቅም" የሚል ስላይድ፣ ቲመስ እንደሚሟሽሽ፣ ቲ ሴሎች እንደሚደክሙ፣ ሁሉም ያውቀዋል። ያንን ማወቅ አልጋው አጠገብ ስትቆም ብዙም አይረዳህም። የሚረዳህ ኢንፌክሽን በአዛውንት ላይ ሌላ መልክ ይዞ እንደሚመጣ ማወቅና ያንን መልክ ደጋግሞ ማየት ነው።

ትኩሳትን ውሰድ። ብዙዎቹ ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸው 38 አይደርሱም። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር በመንከባከቢያ ተቋም ለሚኖሩ ሰዎች ያወጣው መመሪያ ልኩን ዝቅ ያደረገው ለዚህ ነው። አንዴ በአፍ ተለክቶ ከ37.8 ካለፈ፣ ወይም ደጋግሞ ከ37.2 በላይ ከሆነ፣ ወይም ከሰውየው የተለመደ ሙቀት በ1.1 ዲግሪ ከጨመረ ትኩሳት ነው ይላል። ሦስተኛውን ልብ በል። "የተለመደ ሙቀቱ ስንት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ፌሎው ስንት አለ? ቻርቱ ላይ 37.4 ያያል፣ "ትኩሳት የለም" ብሎ ጽፎ ያልፋል። የሰውየው የወትሮ ሙቀት ግን 36.1 ነበር።

ሳል የሌለው የሳንባ ምች አለ። ያለው ምልክት መውደቅ ብቻ ነው፣ ወይም ምግብ መተው፣ ወይም ትናንት ራሱን ችሎ ሽንት ቤት ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ ከአልጋ አለመነሳቱ። ቤተሰብ "ልክ አይደለም፣ እሱ እንዲህ አልነበረም" ሲል ያ ከላቦራቶሪ ውጤት ያላነሰ መረጃ ነው።

ግን ተቃራኒው ስህተትም አለ፣ እንደውም እሱ ይብሳል። "ግራ ተጋብታለች፣ ስለዚህ ሽንት ነው።" ይህችን አረፍተ ነገር ከሥልጠናው ነቅላችሁ ካወጣችሁልኝ ሌላ አልጠይቅም። በረዥም ጊዜ መንከባከቢያ ከሚኖሩ ሴቶች ከ25 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ አለ። ለረዥም ጊዜ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ያለባቸውማ ሁሉም ማለት ይቻላል አለባቸው። ስለዚህ ግራ የተጋቡ አሮጊት ሽንት ካልቸር (ባክቴሪያ አብቅሎ ማየት) ላክ፣ የሆነ ነገር ይበቅላል። የበቀለው ነገር ግራ መጋባቱን አያስረዳም። የ2019ኙ የዚያው ማኅበር መመሪያ በግልጽ ጽፎታል፦ ዴሊሪየም (ድንገተኛ ግራ መጋባት) ያለበት፣ ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ የተገኘበት፣ ነገር ግን ሽንት ሲሸና ማቃጠል የመሰለ ምልክት፣ ትኩሳት ወይም የደም ግፊት መውረድ የሌለበት አዛውንት ከሆነ አንቲባዮቲክ አትጀምር፣ ሌላ ምክንያት ፈልግ፣ በቅርብ ተከታተል።

ሌላ ምክንያት መፈለግ ነው እንግዲህ ሙያው። የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መታገት፣ ያልታከመ ሕመም፣ ባለፈው ሳምንት የተጀመረ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ውኃ ማጣት። "ሽንቱ አይደለም" ብሎ ኮንሰልቱን ዘግቶ መሄድ ለታካሚው ምንም አይጠቅመውም። የጠራህ ሐኪምም በነጋታው አንቲባዮቲኩን ይጀምረዋል፣ ምክንያቱም በምትኩ የሰጠኸው ነገር የለም።

ሁለተኛ_ዓመት_ፌሎው፦

ከሠልጣኝ ወገን ልናገር።

ራውንድ ላይ ስቀርብ የምጠየቀው የታወቀ ነው። ካልቸሩ ምን አበቀለ? ሴንሲቲቪቲው (የትኛው መድኃኒት ይገድለዋል)? ስንተኛ ቀን? ኢሜጂንግ? "ይህ ሰው ከመታመሙ በፊት ይራመድ ነበር?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ አይጠናም፣ እውነቱን እንነጋገር። ሠልጣኝ የሚያነበው ነገ የሚጠየቀውን ነው።

ስለዚህ ብዙ ሳትለፉ ለውጥ ማየት ከፈለጋችሁ ሮቴሽን ከመጨመራችሁ በፊት የኮንሰልት ኖቱን ቅጽ ቀይሩት። ባለፈው ዓመት አንድ ሲኒየር አለርጂ ከሚጻፍበት ቀጥሎ ጥቂት መስመር ጨመረልን። ከሁለት ሳምንት በፊት ምን ይሠራ ነበር፣ ማን አብሮት ይኖራል፣ አሁን አእምሮው ከወትሮው ተለውጧል ወይ፣ ምን ምን መድኃኒት ይወስዳል፣ እሱ ራሱ ከሕክምናው ምን ይፈልጋል። መጀመሪያ አማረርን። እንዴት ያለ ተጨማሪ ሥራ ነው ብለን። ከዚያ ግን ፕላናችን መለወጥ ጀመረ። ብቻዋን የምትኖር፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይኗ የደከመ ሴት "ቤት ሆና በቀን ሦስት ጊዜ በደም ሥር ትውሰድ" ብለህ መጻፍ ያሳፍርሃል፣ ጽሑፉ እላይ ተቀምጦ እያየህ።

ሮቴሽኑን በተመለከተ ግን እፈራለሁ። አንድ ወር ሌላ ዲፓርትመንት ስትላክ እንግዳ ነህ፣ ዲስቻርጅ ጽሑፍ ስትጽፍ ትከርማለህ። ከዚያ ይልቅ የአረጋውያን ሐኪም በሳምንት አንድ ቀን እኛ ራውንድ ላይ ቢገኝ ይሻላል። የራሳችንን ታካሚ፣ የራሳችንን ችግር ይዘን።

ግራም_ፖዘቲቭ፦

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ልቃወም። ይህ ሁሉ የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ (ከሰብ ስፔሻሊቲ በፊት ያለው ሥልጠና) ሥራ ነው። ዴሊሪየም፣ መውደቅ፣ የመድኃኒት መብዛት፣ ሁሉንም ሦስት ዓመት ሠርተነዋል። ሰብ ስፔሻሊቲ የገባነው ማንም የማያውቀውን ለማወቅ ነው፤ መድኃኒት የተላመደ ጀርም፣ ፈንገስ፣ ንቅለ ተከላ። ለእያንዳንዱ የዕድሜ ክልል ምዕራፍ ከጨመርን መቼ ነው ማይክሮባዮሎጂ የምንማረው? ደግሞ 70 ዓመት ሆኖት ከእኔ የተሻለ የሚሮጥ ሰው አለ። ዕድሜ ቁጥር ነው።

ዴሊሪየም_አዳኝ፦

@ግራም_ፖዘቲቭ ወንድሜ፣ የመጨረሻዋ ነጥብህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ እንደውም ለእኔ ነው የተከራከርክልኝ። ዕድሜ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ለዚህ ነው ፌሎው አቅምን መለካት መቻል ያለበት። ከ1 እስከ 9 የሚሄደው የፍሬልቲ (የአቅም መድከም) ስኬል አለ፣ ከመታመሙ ሁለት ሳምንት በፊት የነበረውን ሁኔታ ጠይቀህ ትሞላዋለህ፣ ሁለት ደቂቃም አይፈጅ። ሁለት የ82 ዓመት ሰዎች፣ አንዱ 2 (ብርቱ) አንዱ 7 (በጣም ደካማ)፣ ሁለቱም ደማቸው ውስጥ ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ተገኘ። ሕክምናው አንድ ነው? ምርመራውስ? በምግብ ቧንቧ የሚገባ የልብ አልትራሳውንድ ለሁለቱም እኩል ታዛለህ? ይህንን የሚወስነው የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ነው እንጂ ሬዚደንቱ አይደለም። ሬዚደንቱማ አንተን ነው የጠራው።

"ሬዚደንሲ ላይ ተምረነዋል" ላልከው፣ ፊዚዮሎጂም ተምረናል።

ፋርማሲው_ቤት፦

እኔ ክሊኒካል ፋርማሲስት ነኝ፣ አንቲባዮቲክ ስቱዋርድሺፕ (አንቲባዮቲክን በአግባቡ ማስጠቀም) ላይ ነው የምሠራው። ለ@ግራም_ፖዘቲቭ አንድ ስሌት ላምጣ።

85 ዓመት፣ 45 ኪሎ፣ ሴት፣ ክሬቲኒን (ከጡንቻ የሚወጣ፣ ኩላሊት የሚያጣራው ነገር) 0.9። ላቦራቶሪው ላይ ምንም ቀይ ምልክት የለም፣ "ኖርማል" ነው። በኮክክሮፍት ጎልት (የኩላሊት አቅም ማስያ ቀመር) አስላው፤ በደቂቃ 32 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይወጣል። ጡንቻዋ ስላለቀ ነው ክሬቲኒኑ ዝቅ ያለው እንጂ ኩላሊቷ ደህና ሆኖ አይደለም። አሁን ሴፌፒም የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሙሉ ዶዝ ጻፍላት። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ትፈዛለች፣ ጡንቻዋ እየነጠቀ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሁሉ "ኢንፌክሽኑ አእምሮዋን ነካው" ይልና አንቲባዮቲኩን ያሰፋል። መርዙ አንቲባዮቲኩ ራሱ ነው። ኤርታፔኔምም እንዲሁ ያደርጋል።

ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ቀንስ ማለት አይደለም፤ ፌሎዎች ይህን ሲሰሙ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣሉ። ሴፕሲስ (መላ አካልን የሚጎዳ ከባድ ኢንፌክሽን) ይዞት የገባ ሰው ኩላሊቱ የተጎዳው በዚያው ቀን ከሆነ፣ ፈሳሽ ሲያገኝ በአንድ ሁለት ቀን የሚመለስ ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ዶዝ ሙሉ ስጥ፣ ከዚያ በየቀኑ እያየህ አስተካክል። ገና ከበሩ ዶዝ ቆርጠህ ጀርሙን ሳትገድል ብትቀር ምን ዋጋ አለው?

የመድኃኒት መጋጨት ደግሞ አለ። አንቲባዮቲኩ ኮትሪሞክሳዞል ከግፊት መድኃኒቶቹ ከኢናላፕሪል ወይም ከስፓይሮኖላክቶን ጋር ሲገናኝ ፖታሺየም ይሰቅላል፣ ከደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ጋር ደግሞ ደም ከልክ በላይ ያቀጥናል። ክላሪትሮማይሲን ከሪህ መድኃኒቱ ኮልቺሲን ጋር ሰው ይገድላል፣ ማጋነን አይደለም። ሜሮፔኔም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን የቫልፕሮይክ አሲድን መጠን ድፍት ያደርገዋል፣ ለዓመታት ያልጣለው የሚጥል በሽታ ይነሳል፤ ዶዝ በመጨመርም አይስተካከልም። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከካልሲየምና ከአይረን ኪኒን ጋር በአንድ ሰዓት ከተዋጠ ሆድ ውስጥ ተያይዞ ይቀራል፣ ወደ ደም አይገባም፣ ከዚያ "ሕክምናው አልሠራም" ይባላል። ከ60 ዓመት በላይ ላሉት ደግሞ ጅማት መበጠስ አለ፣ ስቴሮይድ ከተጨመረበት ይብሳል፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 በጥቁር ሳጥን (በከፍተኛ ደረጃ ማስጠንቀቂያ) ያስጠነቀቀበት ነገር ነው። አዚትሮማይሲን ላይ ለዴሊሪየሙ ተብሎ ሃሎፔሪዶል ሲጨመር ኪውቲ (ሲረዝም የልብ ምትን የሚያዛባ የኢሲጂ ልኬት) ያየ አለ?

እኔን በተለይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሪፋምፒሲን ነው። ሰው ሠራሽ ዳሌው ኢንፌክት ያደረገ ሰው፣ ስታፍ፣ ፌሎው ደስ ብሎት ሪፋምፒሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ይጨምራል። ታካሚው በልብ ምት መዛባት ምክንያት ደም ማቅጠኛውን አፒክሳባን ይወስዳል። ሪፋምፒሲን የአፒክሳባኑን መጠን ያወርደዋል። ለዳሌው ያከምነው ሰው በስትሮክ ይመለሳል። ይህን ሬዚደንሲ ያስተምራል እንዴ?

ልምምዱ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ፌሎው በሳምንት አንድ ጊዜ ከፋርማሲስት ጋር ተቀምጦ የአንድ አዛውንት ታካሚውን መድኃኒት በሙሉ አንድ በአንድ ያንብብ። ሊጨምር ብቻ ሳይሆን ሊያቆምም። አንቲባዮቲክ በማቆም የታወቅን ሰዎች ሌላውን መድኃኒት ለማቆም ለምን እንደምንሽኮረመም አይገባኝም።

ግራም_ፖዘቲቭ፦

እሺ የሪፋምፒሲኑ ነገር ገብቶኛል። 32 ይወጣል ብዬም አልጠበቅኩም ነበር፣ አሁን ራሴ አሰላሁት። ሙሉ ሮቴሽን የሚለውን ግን አሁንም አልደግፍም።

ነርስ_ነኝ_ከመንከባከቢያ፦

እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ዛሬ ግን ልጻፍ። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው።

ዶክተሮች፣ እኛ ዘንድ ሐኪም በየቀኑ የለም። ውሳኔው በስልክ ነው። እኔ እደውላለሁ፣ "ሽንታቸው ደፍርሷል፣ ይሸታል" እላለሁ፣ ከዚያኛው ጫፍ ያለው ሐኪም ስለቸኮለ "ናሙና ላኪ፣ ሲፕሮ ጀምሪላቸው" ይላል። ተጠያቂው ማነው? ሁለታችንም። የሽንት መሽተትና መደፍረስ ብቻውን ኢንፌክሽን አይደለም፣ ይህን እኔ ያወቅሁት የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ስላስረዳኝ ነው። በመንከባከቢያ ለሚኖሩ ሰዎች አንቲባዮቲክ ለመጀመር ቢያንስ ምን ምን መሟላት እንዳለበት የሚናገር የሎብ መስፈርት የሚባል አለ፣ ከ2001 ጀምሮ። የሚደውልልኝም ሆነ የምደውልለት ሐኪም እሱን ቢያውቅ ስልኩ ሌላ ይሆናል። "ትኩሳት አላቸው? ሲሸኑ ያማቸዋል? አዲስ የሽንት መቸኮል አለ? ካቴተር አላቸው? ከትናንት ምን ተለወጠ?" ብሎ ቢጠይቀኝ እኔም ከመደወሌ በፊት አይቼ እዘጋጃለሁ።

ስለዚህ ፌሎዎቹን እኛ ጋ ላኳቸው። ለአንድ ወር አይደለም፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ። አንድ ሰው "ለሲ ዲፍ (ከአንቲባዮቲክ በኋላ ለሚመጣው ተላላፊ ተቅማጥ) ለብቻው ክፍል ይሁን" ብሎ ማዘዝ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የመርሳት ችግር ያለባቸው፣ ኮሪደሩ ላይ ሲመላለሱ የሚውሉ ሰው ክፍላቸው ውስጥ እንዴት አሥር ቀን ይዘጋሉ? በዚያ ላይ ተዘግተው የከረሙ ሰው ጉልበታቸው አልቆ መራመድ አቁመው ነው የሚወጡት። በኮቪድ ጊዜ ይህን በዓይናችን አይተነዋል። ኢንፌክሽን መከላከልና ሰውን መጠበቅ ሲጋጩ ምን ይደረግ የሚለውን ቦታው ላይ ቆሞ ያላየ ሰው አይወስነው እላለሁ።

ቫንኮ_በአፍ፦

@ነርስ_ነኝ_ከመንከባከቢያ እህቴ፣ ከዚህ ክር ሁሉ ያንቺን ነው ለፌሎዎቼ ያነበብኩላቸው። እውነት።

እኔ ይህን ሙያ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ያልተነሳ ነገር ስለ ሕክምና ርዝማኔና ስለ ዓላማው ነው።

ድሮ የሠለጠንን ሰዎች በደም ሥር ስድስት ሳምንት የሚለው አጥንታችን ውስጥ ገብቷል። ለአዛውንት በደም ሥር ስድስት ሳምንት ማለት ግን ክንዱ ላይ ረዥም ካቴተር፣ የደም መርጋት፣ የካቴተር ኢንፌክሽን፣ አልጋ ላይ መዋል፣ ብዙ ጊዜም ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ተቋም መሄድ ነው። በ2019 የወጣው ኦቪቫ የሚባለው ጥናት የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ላይ በአፍ የሚሰጠው በደም ሥር ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። በዚያው ዓመት ፖኤት የተባለው ጥናት ከተረጋጉ በኋላ ለልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን እንኳ ወደ አፍ መቀየር እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በ2024 ባላንስ የተባለው ጥናት ደም ውስጥ ለገባ ኢንፌክሽን 7 ቀን ከ14 ቀን እንደማያንስ አሳየ፣ ስታፍ ኦሪየስን ሳይጨምር። እነዚህ ለሁሉም ታካሚ ናቸው። ግን ማንን ነው ይበልጥ የሚጠቅሙት? አልጋ ላይ በዋለበት በእያንዳንዱ ቀን ጡንቻው የሚያልቀውን ሰው ነው። ስለዚህ ፌሎው ጥናቱን ሲያቀርብ "ይህ ለ85 ዓመቷ ሴት ምን ማለት ነው? በጥናቱ ውስጥ እሷን የመሰለ ሰው ነበር ወይ?" ተብሎ ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ ደካማና ብዙ በሽታ ያለበት ሰው ጥናት ውስጥ አይገባም። ያንን ክፍተት አይቶ በራሱ አመዛዝኖ መወሰን የስፔሻሊስት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። የመርሳት በሽታው መጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሰ፣ የማይናገር፣ መዋጥ ያቃተው ሰው ሳንባ ምች ሲይዘው ይጠሩናል። "የትኛውን አንቲባዮቲክ?" ነው ጥያቄው። እኛም የምንመልሰው የተጠየቅነውን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ቀላል ነው። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት እንዲህ ያሉ ሰዎች ለሳንባ ምች አንቲባዮቲክ ሲያገኙ ዕድሜ እንደሚረዝም፣ ምቾታቸው ግን እንደማይሻሻል አሳይቷል። እንግዲህ ቤተሰቡ የሚፈልገው የትኛውን ነው? ታካሚው ራሱ ድሮ ምን ብሎ ነበር? ለሁለት ሦስት ቀን ሞክረን እንይ፣ ካልተሻለው ግን ማስታገስ ላይ እናተኩር ብሎ መነጋገር የሚችል ፌሎው ስንት አለን? "የምንሰጠው ነገር የለም" ብሎ መሸሽ አይደለም የምለው። ቤተሰብ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ኮንሰልት ከጠራን ሐኪም ጋር ሆኖ፣ በግልጽ ቋንቋ መነጋገርን ነው። ይህ ከመጽሐፍ አይገኝም። ሲኒየር ሲያደርግ ታያለህ፣ ከዚያ ሲኒየሩ እያየህ አንተ ታደርጋለህ።

ኤችአይቪውንም አትርሱ። "የራሱ ምዕራፍ አለው" ብለሃል @ካሪኩለም_ክለሳ፣ ግን ምዕራፉ ያረጀ ይመስለኛል። ታካሚዎቻችን አርጅተዋል፣ ተመስገን። አሁን የክሊኒኩ ሥራ ቫይረስ ሎድ ሳይሆን ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ የአጥንት መሳሳት፣ የ12 ኪኒን ዝርዝር ነው። በሪቶናቪር ወይም በኮቢሲስታት የሚታገዝ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ለአስም የሚነፋ ፍሉቲካዞን ቢጀመርለት፣ ወይም ጉልበቱ ላይ ትራያምሲኖሎን ቢወጋ ምን እንደሚሆን አስተምሩ። ክትባት ደግሞ በአንድ መስመር፦ የአልማዝ ባለጭራ ሁለት ዶዝ ክትባት ከ70 በላይ ባሉትም 90 በመቶ አካባቢ ይከላከላል፣ የኒሞኮከስ አለ፣ ኢንፍሉዌንዛ አለ፣ ከ2023 ጀምሮ የአርኤስቪ (የመተንፈሻ አካል ቫይረስ) ክትባትም አለ። ኮንሰልት ጨርሰን ስንወጣ "ተከትቧል ወይ" ብሎ መጠየቅ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ካሪኩለም_ክለሳ፦

ዋው። ይህን ያህል አልጠበቅኩም፣ አመሰግናለሁ።

እስካሁን ለኮሚቴው ይዤ የምሄደው ይህን ይመስላል። የአንድ ወር ሮቴሽኑን እተወዋለሁ። በምትኩ የኮንሰልት ኖቱ ቅጽ ይለወጥ፣ የአረጋውያን ሐኪም በሳምንት አንድ ራውንድ ላይ ይገኝ፣ ከፋርማሲስት ጋር ሳምንታዊ የመድኃኒት ንባብ ይኑር፣ መንከባከቢያ ውስጥ አጭር ቆይታ ይግባ፣ የኤችአይቪው ምዕራፍ እንደገና ይጻፍ። ጊዜ የሚበላው መንከባከቢያው ብቻ ነው፣ እሱንም ከኢንፌክሽን ቁጥጥር ሮቴሽኑ ላይ እቆርጣለሁ፣ እዚያ ወረቀት ሲያነቡ ነው የሚውሉት።

የቀረኝ ምዘናው ነው። ኤምሲኪው (የምርጫ ጥያቄ) ብንጨምር "ምልክት የሌለው ባክቴሪያ አይታከምም" የሚለውን ሁሉም ይመልሰዋል። ሌሊት ተረኛ ሲሆን ግን ያክመዋል። በምን እንለካው?

ሁለተኛ_ዓመት_ፌሎው፦

ራሱን ኖቱን እዩት። የኖረ መረጃ ነው። ከእያንዳንዱ ፌሎው ዕድሜው ከ75 በላይ የሆነ ሰው የታየባቸውን ጥቂት ኮንሰልቶች በየሩብ ዓመቱ አውጡና አንብቡ፤ የወትሮ አቅሙ ተጽፏል? የኩላሊት አቅሙ ተሰልቷል ወይስ ክሬቲኒን ብቻ ነው? የሚቆምበት ቀን አለ? የሽንት ካልቸር ካለ ምልክት ተጽፏል? እና ውጤቱን ለእኛም አሳዩን እባካችሁ፣ ፋይል ውስጥ እንዳይቀር።

ዴሊሪየም_አዳኝ፦

በዚያ ላይ በዓይን የታየ ምዘና ጨምሩበት። ሲኒየሩ እያየ ፌሎው አንድ ጊዜ የዴሊሪየም ምርመራ ያድርግ። 4ኤቲ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ንቃት፣ ዕድሜና የልደት ቀን፣ ያሉበት ቦታ፣ ዓመተ ምሕረት፣ ወሮችን ወደ ኋላ መቁጠር፣ ድንገተኛ ለውጥ መኖሩ። አንድ ጊዜ ደግሞ @ቫንኮ_በአፍ ያለውን የቤተሰብ ውይይት ይምራ። "ያለ እገዛ ይችላል" ወይም "ገና ነው" ተብሎ ይፈረም። ሁለቱን ሳያሟላ አይመረቅ።

ግራም_ፖዘቲቭ፦

"አይመረቅ" ትንሽ አልበዛም? 😅 ለመሆኑ አስተማሪዎቹን ማን ይመዝናል? እኛን ያስተማሩን ራሳቸው ክሬቲኒን ብቻ አይተው ነው የሚያልፉት።

ቫንኮ_በአፍ፦

ልክ ነህ፣ እዚያ ላይ አልከራከርህም። ኖቱ ሲነበብ የአስተማሪዎቹም አብሮ ይነበብ። የእኔን ጨምሮ። @ካሪኩለም_ክለሳ ይህንን ለኮሚቴው ስታቀርብ ማን ፊቱን እንደሚያጨልም አየትና ከእሱ ጀምር።

ፋርማሲው_ቤት፦

አንድ የረሳሁት ለ@ዴሊሪየም_አዳኝ፦ 4ኤቲ ከመጀመራቸው በፊት ታካሚው የጆሮ መስሚያውንና መነጽሩን ማድረጉን ቅጹ ላይ ጨምሩበት። ያልሰማ ሰው ወሮችን ወደ ኋላ አይቆጥርም። የመድኃኒት ንባቡን ቅጽ ደግሞ እኔ አዘጋጅቼዋለሁ፣ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።